የይበልጣል ሌንስ

ሰው በሰው በሬ ይቀናል፣ በሰው መሬት ይቀናል፣ ሲብስበት በሰው ሚስት ይቀናል። ይህ ሁሉ ቀኖና አለው። በሰው ሌንስ ለሚቀና ግን ምን እንደሚታዘዝለት እንጃ። ነፍስ አባቴን አልጠየቅኋቸውም፤ መጀመሪያ ሌንስ ምን እንደሆነ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው።

ጎረቤቴ ይበልጣል ይባላል። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ስሙም ካሜራውም! በጥምቀት ዕለት ታቦት አጅበን ስንወርድ ልጄን ብርቄን በዚያ ረጅም ሌንሱ ከሩቅ አነሳት። ስድስት ዓመቷ ነበር። በፋሲካ ማግስት አረፈች። ስለ ሕመሟ አልጽፍም።

እኔም ካሜራ አለኝ፤ የባትሪው ክዳን በፕላስተር የተያዘ፣ ትንሽ ዲጂታል። ብዙ አንስቻታለሁ። እኛ ዘንድ ፎቶ እንዴት እንደሚነሱ ታውቃላችሁ፦ እጅ ወደ ጎን፣ አገጭ ቀና፣ ጥርስ ክድን። «ቀጥ በይ! አትሳቂ!» እላት ነበር። ታዘዘችኝ። በፎቶዎቼ ሁሉ ላይ ብርቄ መታወቂያ ልታወጣ የመጣች ትመስላለች።

ለአርባዋ ይበልጣል የሱን ፎቶ በፍሬም አድርጎ አመጣ። ትስቃለች። የወለቀው ጥርሷ ቦታ እንኳ ይታያል። ለቀስተኛው እየተቀባበለ አለቀሰበት፤ ባለቤቴ የዝና የኔን ከግድግዳው አውርዳ የሱን ሰቀለች። የልጄን ሳቅ ጎረቤት ይዞብኛል!

የብርቄ ታናሽ እህት አሁን ድክ ድክ ትላለች። የሷስ ሳቅ አያመልጠኝም ብዬ አባቴ ዘንድ ያለችኝን ጊደር ሸጬ ትልቅ ካሜራ ከነሌንሱ ልገዛ ቆረጥኩ። «ጊደሯ ምን አደረገችህ?» አለች የዝና።

የቱን ሌንስ እንደምገዛ ልጠይቅ ወደ ይበልጣል ሄድኩ።

«እንደዚያ የሚያስቀውን ነው የምፈልገው» አልኩት።

«ሌንስ ያስቃል እንዴ፣ ወንድሜ? ያሳቅሃትስ አንተ!»

ኮምፒውተሩን ከፍቶ ያልተቆረጠውን ፎቶ አሳየኝ። ከብርቄ ፊት ለፊት እኔ አለሁ። ላነሳት ስል ባትሪዬ ወድቆብኝ፣ ነጠላዬን እየጎተትኩ፣ በአራት እግሬ ከሰው ጫማ መሀል እፈልጋለሁ።

«ታዲያ ለምን ቆረጥከኝ?»

«መቀመጫህ ብቻ ነዋ የሚታየው! አርባ ላይ ይህ ይሰቀላል?»

ሳቅኩ። ከፋሲካ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ከሳቁ በኋላ የሆነውን ይበልጣል ያውቃል፤ ለማንም አላወራብኝም።

ጊደሯ አልተሸጠችም። ሙሉውን ፎቶ አሳጥቤ ሰቀልኩት፣ ከነመቀመጫዬ። የዝና ስታልፍ ስታገድም ታየዋለች።

ቅናቱስ ለቀቀህ ትሉኝ ይሆናል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ብዬ ብመልስላችሁ ደስ ባለኝ። አልለቀቀኝም። ሳቁ የኔ ነበር፤ ያየው ግን እሱ ነው። እኔ መሬት መሬቱን ሳይ ነበር።

ታናሿን በዚያችው በፕላስተሯ ካሜራ አነሳታለሁ። ባትሪው አሁንም ይወድቃል። መጀመሪያ ቀና ብዬ ልጄን አያለሁ፤ ባትሪውን የምፈልገው ከዚያ በኋላ ነው።