አንድ ባልዲ አሸዋና አንድ ጆንያ ድንጋይ

በእኛ አገር ሴት ልጅ አሸዋና ድንጋይ ከጠየቀች ባል አግኝታለች። አለቀ! ሽማግሌ መላክ፣ ቀለበት ማሰር፣ ምስክር መጥራት አያስፈልግም። "አሸዋ የት ነው የሚሸጠው?" ካለች ቤት ልትሠራ ነው፤ ቤት ከሠራች ብቻዋን አትገባበትም፤ ታዲያ ሙሽራው ማነው? አያችሁ፣ ከአሸዋ ተነስቶ ሙሽራ ጋ ለመድረስ ለንፋስ መውጫ ሰው አንድ ትንፋሽ ይበቃዋል። የጋይንቷ ከተማችን ስሟ ንፋስ መውጫ ነው፤ ንፋሱስ እውነትም ይወጣል... መውጫ አጥቶ ሲዞር የሚውለው ወሬው ነው።

እኔ ደግሞ አሸዋ የፈለግሁት ለዓሣ ነበር።

ቆዩ፣ አትሳቁ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ገበያው አጠገብ ትንሽ የሹሩባ ቤት አለችኝ፤ ማደሪያዬም እዚያው ነው። እጄን የሚያማ የለም፤ የሚታማው አፌ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይነ አፋር ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቴን ሳቋርጥ አስተማሪዬ "እንዲህ የምትባል ልጅ ነበረች እንዴ?" ብሎ ጠየቀ አሉ። አፌ የሚፈራውን እጄ ስለማይፈራ ነው በየሳምንቱ የምጽፍላችሁ እንጂ፣ ፊት ለፊት ብንገናኝ ኖሮ "ደህና" ብዬ ነጠላዬን ወደ አፌ ሰብስቤ ባለፍኩ ነበር።

"ዝም አይነቅዝም" ይላሉ አበው። አበው ሹሩባ ሠርተው አያውቁማ! አንዲት ሴት ጭንቅላቷን ጉልበትሽ ላይ ጥላ ግማሽ ቀን ስትቀመጥ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን በሬ ከማን ማሳ እንደገባ ካልነገርሻት ትተኛለች። ከተኛች ደግሞ አንገቷ ይጣመማል፤ አንገቷ ከተጣመመ አትመለስም። ደንበኞቼ አንድ በአንድ መንገዱን ተሻግረው፣ ወሬ እንደ ምንጭ ወደሚቀዳበት ሹሩባ ቤት ገቡ። የቀሩልኝ ጎረቤቴ እትዬ ባንቺ ብቻ ናቸው። እሳቸውም የቀሩልኝ የራሳቸው ወሬ ለሁለት ሰው ስለሚበቃ ነው። በእሳቸው አንድ ራስ ብቻ ደግሞ የቤት ኪራይ አይከፈልም።

ወንድሜ ጌታሁን የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ጭንቀቴን ስነግረው ሳቀና "አንች ካልተናገርሽ የሚታይ ነገር አስቀምጪ" አለኝ። ከዚያ በኋላ በመጣ ጊዜ አንድ ትልቅ የመስታወት ገንዳ፣ አየር የምትነፋ ትንሽ ሞተርና የውኃ ማሞቂያ ጭኖልኝ መጣ። በሚቀጥለው ጉዞው ብርቱካን የመሰሉ፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት የባሕር ዓሦች ሊያመጣልኝ!

"የጣናው ዓሣ ምን ሆነ?" አልኩት።

"የጣናው ይበላል። ይሄ ይታያል።"

"ባሕር ከየት አመጣለሁ?"

"ባሕሩን ራሱን በጀሪካን ጭኜልሽ እመጣለሁ። አንች አሸዋና ድንጋይ ብቻ አዘጋጂ። የታሸገውን አዲስ አበባ ላይ ጠይቄ ነበር፤ ድንጋዩን በኪሎ ነው የሚሸጡት፣ እንደ ሥጋ!"

ድንጋይ በኪሎ! ጋይንት ተወልዳችሁ ድንጋይ በኪሎ ስትገዙ ይታያችሁ! አባቴ ዕድሜ ልኩን ከማሳው ድንጋይ ሲለቅም የኖረ ሰው ነው። ይህን ቢሰማ ገብሱን ትቶ ድንጋዩን ያጭድ ነበር።

"ግን ያገኘሽውን ሁሉ እንዳትከችበት" አለ ጌታሁን። "የባሕር ዓሣ የሚስማማው ኖራ ያለበት ነጭ ድንጋይና ነጭ አሸዋ ነው። ሎሚ ጠብ አድርጊበት፤ አረፋ ካወጣ እሱ ነው። ከዚያ ውኃው እስኪጠራ እጠቢው። ሐሙስ ረፋድ ላይ እደርሳለሁ። ዓሦቹ የሚመጡት በላስቲክ ነው፤ አየራቸው ከቀትር አያልፍም። ካላዘጋጀሽ ያልቁብሻል!"

እኔም ሎሚዬን ይዤ አሸዋ ሻጩ አያ ሞላ ዘንድ ሄድኩ።

"ስንት መኪና ልላክልሽ?" አሉኝ።

"አንድ... ባልዲ።"

"ስንት?"

"ባልዲ።"

አያ ሞላ ትንሽ አሰቡና ፊታቸው በራ። "አሃ! ናሙና ነው! ግንበኛው ሳያይ አይገዛማ! ብልህ ሰው ነው የያዝሽው!"

የያዝኩት ማንን ነው? ልጠይቃቸው ነበር... ግን ታውቁኛላችሁ። ጎንበስ ብዬ አሸዋው ላይ ሎሚ ጨመቅሁበት። ዝም! ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ጨመቅሁ። ዝም! ከእኔ የባሰ ዝምተኛ ድንጋይ።

"ምነው ልጄ፣ ልትበይው ነው እንዴ? በርበሬስ ይምጣልሽ?"

"ነጩን... ነጩን ነበር የፈለግሁት።"

"ነጩንማ ስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ፣ ከቆላው ነው የምታገኚው። ኧረ ጉድ! ነጭ ድንጋይ ያማረው ሰው ቪላ ሊሠራ ነው! ማነው እሱ? ከውጭ የመጣ ነው?"

እንግዲህ ጥፋቱ የተፈጸመው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ልጅቱ ስለ ባል ተጠይቃ "የለኝም" ብትል ማንም አያምናትም፤ አፍራ ነው ይሏታል። አንገቷን ደፍታ፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ፣ በእግሯ ጣት መሬት ከጫረች ግን "አዎ" ብላለች፤ ከዚያ ወዲያ መሐላ አያሻም። እኔ ደግሞ "ቅቤ ስንት ገባ?" ተብዬ ብጠየቅ እንኳ የማደርገው ይህንኑ ነው!

አንገቴን ደፋሁ። ነጠላዬን ሰበሰብኩ። መሬት ጫርኩ።

"እሰይ! እሰይ ልጄ!" አሉ አያ ሞላ።

ማታውን እትዬ ባንቺን እየሠራኋቸው፣ ከጀርባቸው ስለሆንኩ ድፍረት አገኘሁና "እትዬ፣ ወገዳ ያሉት እህትዎ ነጭ ድንጋይና ነጭ አሸዋ ያስልኩልኝ ይሆን?" አልኳቸው። ዘወር ብለው አዩኝ። "ለምንሽ?" አሉ። አንገቴን... እናንተው ጨርሱት። እትዬ ባንቺ ሹሩባው ሳያልቅ፣ በግማሽ ራሳቸው ተነስተው ወጡ። ግማሽ የተሠራ ራስ ይዞ የሚሮጥ ሰው ምን እንደሚያሯሩጠው አገሩ ያውቃል።

ድንጋዩና አሸዋው ማክሰኞ መጡ። የእትዬ ባንቺ እህት ከመኪናው ኪራይ በቀር ምንም አላስከፈሉኝም፤ "ለመሠረትሽ ይሁን" ብለው መርቀው ነው የላኩት አሉ። እኔ በሞኝነቴ "እንዴት ያሉ ደጎች!" አልኩ። መናኸሪያው ውስጥ ሹፌሩ ጣራው ላይ ቆሞ "የሙሽሪት ድንጋይ! የሙሽሪትን ድንጋይ የምትረከቡ!" ብሎ ሲጮህ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"የጋይንት ድንጋይ አልቆ ነው ከስማዳ የሚመጣው?" አለ አንዱ።

"የእኛማ ጥቁር ነው፤ ለሙሽራው አይመጥንም!" አለ ሌላው።

እኔ ግን ጆንያውን ፈትቼ ሎሚዬን ጠብ አደረግሁ። ሽሽሽሽ! እንደ ጉሽ ጠላ አረፋውን ደፈቀው! ከደስታዬ ብዛት ዓይኔ እንባ አቀረረ። ድንጋይ አቅፋ የምታለቅስ ሙሽራ ያየ ሰው ደግሞ ምን እንደሚያወራ አስቡት።

ሐሙስ ጠዋት፣ በዓል በሌለበት ቀን፣ ደጄ ላይ ተቀምጬ አሸዋዬን ማጠብ ያዝኩ። አጠብኩት፤ ውኃው ወተት ሆነ። ደፋሁና ደግሜ አጠብኩት፤ አሁንም ወተት። ላም ይመስል ባለብኩት ቁጥር ይሰጣል! እንዲህ ስታገል የሥራ ዘፈን ሰማሁ። ቀና አልኩ። ሰፈሩ በሙሉ ወደ እኔ እየመጣ ነው! ወንዶቹ ዶማና አካፋ ተሸክመዋል፤ ሁለት ግንበኞች የድንጋይ ባሬላ ይዘዋል፤ ሴቶቹ ጠላ በጀሪካን አዝለዋል። ከፊት መምሬ ካሴ መስቀላቸውን ይዘው፣ አያ ሞላ ደግሞ የመሠረት መለኪያ ገመድ ጠቅልለው።

ደቦ ወጥቶልኛል! ሳልጠራው!

"እግዚአብሔር ይባርክሽ ልጄ" አሉ መምሬ። "በይ አሳዪን፤ መሠረቱ የሚጣለው የት ነው?"

ልናገር አፌን ከፈትሁ። ድምፄ የለም። አንገቴ ግን ሥራውን ያውቃል፤ ራሱን ችሎ ተደፋ።

"አፈረች! አፈረች!" እልልልል!

በዚህ መሀል የከባድ መኪና ጥሩንባ ጮኸ። "ሙሽራው!" አሉ እትዬ ባንቺ፤ እልልታው እጥፍ ሆነ። መኪናው ቆመ። በሩ ተከፈተ። ወንድሜ ጌታሁን ዱብ አለ፤ ሕዝቡንና አካፋውን አይቶ ደነገጠ።

"ጌታሁን!" አሉ አያ ሞላ። "ያን ሰው ይዘኸው መጣህ?"

ጌታሁን ከመኪናው ድምፅ ጋ ምኑን ይስማ! ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ "ይዣለሁ! ሁለቱም ደህና ናቸው!" አለ።

እልልታው ቀጥ አለ።

"ሁለት?" አሉ መምሬ ካሴ፤ አማተቡም።

ጌታሁን በውኃ የተነፋ ላስቲክ ወደ ላይ አነሳ። ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች። አንደኛዋ ወደ ጎን ዘንበል ማለት ጀምራለች። ወንድሜ የእኔን ሳፋ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። "ገና አላጠብሽም? ከዚህ ጭቃ ውስጥ ከገቡ ይሞታሉ! ላስቲኩ ውስጥ ደግሞ አየራቸው እያለቀ ነው!"

ዘንበል ያለችውን አየኋት። አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች... ድምፅ የላትም። አወቅኋት። እኔ ነኝ እኮ!

ምን እንደነካኝ አላውቅም። የድንጋዩ ጆንያ ላይ ወጣሁ።

"ስሙኝ!" አልኩ። "ባል የለም! ቤትም የለም! ድንጋዩ የዓሣ ነው! ዓሦቹ ሊሞቱብኝ ነው፤ ስለ እመብርሃን፣ አሸዋ እጠቡልኝ!"

አያ ሞላ ቀስ ብለው አጠገባቸው ላለው ሰው "ድምፅ አላት እንዴ?" ሲሉ ተሰማ። ከመንገዱ ማዶ ያሉት የሹሩባ ደንበኞች በግማሽ ራሳቸው ወጥተው ያያሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ዋጋዋን እከፍላት ነበር።

መምሬ ካሴ ዓሦቹን ጠጋ ብለው አዩአቸው። "ዮናስን በሆዱ ሦስት ቀን ያሳደረ ፍጥረት ነው" አሉ። "እኛ ደግሞ ቤት ብናሳድረው ብድር መመለስ ነው። ደቦ ወጥቶ በደረቅ እጅ መመለስም ነውር ነው። ባልዲ አምጡ!"

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ገብስ ሊወቃ የወጣ ደቦ እንዲያ አይሠራም። አንዱ ይቀዳል፣ አንዱ ያጥባል፣ አንዱ ይደፋል፤ ዘፈኑም አልቀረ። ወተቱ አጓት ሆነ፣ አጓቱ ጠራ። ግንበኞቹ ነጩን ድንጋይ ገንዳው ውስጥ መካብ ጀመሩ። መምሬ ሊባርኩት የመጡት መሠረት ቀርቶ እንዳያፍሩ መሰለኝ፣ ቤት ሊሠሩ ወጥተዋልና ቤት ሠሩ፤ ጓዳ ያለው፣ መዝጊያው ብቻ የቀረ ጎጆ!

"በሩን ወደ ግድግዳው አዙሩት፣ ንፋስ እንዳይመታቸው!" አሉ አያ ሞላ።

"ውኃ ውስጥ ምን ንፋስ አለ?" አለ ጌታሁን።

"ጋይንት ነው፣ ምን ይታወቃል!"

ባሕሩ ከጀሪካን ተገለበጠ፤ ማሞቂያው ተሰካ። (በቤቴ ማሞቂያ ያላቸው እነሱ ብቻ ናቸው፤ እኔ በጋቢ ነኝ።) ቀትር ሳይሞላ ዓሦቹ ተለቀቁ። ዘንበል ያለችው ቀና አለች! አንድ ጊዜ ዞር ብለው ሰፈሩን በሙሉ በመስታወቱ አዩት፤ ወዲያው ወደዚያች ጎጆ ገቡ... አልወጡም።

እስካሁንም አልወጡም ማለት ይቻላል። ሰው ሲያዩ ይደነግጣሉ። አገር የሚያህል ባሕር ውስጥ ተፈልጎ ተፈልጎ ለእኔ የመጣልኝ ዓይነ አፋር ዓሣ!

ቤቴ ግን ሞላ። መንገዱን ተሻግረው የሄዱት ሁሉ ተሻግረው መጡ። ገብታ የተቀመጠች ሁሉ መስታወቱን ታይና "የታሉ?" ትላለች። ምን ላድርግ? ዓሦቹ ካልታዩ የሚናገርላቸው ማነው? "ከድንጋዩ ጓዳ ናቸው፤ ያፍራሉ" እላለሁ። "ድንጋዩስ ከየት መጣ?" ትላለች። ከወገዳ እጀምራለሁ፤ በሎሚው፣ በአያ ሞላ፣ በደቦው አድርጌ ጅቡቲ ስደርስ ሹሩባው አልቋል። "ይበላሉ?" ስትል ደግሞ እንደገና ከጣና እጀምራለሁ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ባንቺ ጉልበቴ ላይ ናቸው። ዓይናቸውን ከገንዳው አልነቀሉም። እኔ የሎሚዋን ነገር ለሌላ እንግዳ እንደ አዲስ ይዣለሁ፤ "ሽሽሽሽ አለ!" የምለው ቦታ ልደርስ ስል፣ እትዬ ባንቺ ራሳቸውን ከእጄ መነጨቁና ዘወር አሉ።

"ኧረ በማርያም ልጄ... እስቲ ትንሽ ዝም በይ፣ ዓሦቹ ይውጡ!"