የዶክተሩ ችግኞችና የክሊኒኩ አጥር

ጥፋቱን ሳያምን ዕድሜውን የሚጨርስ ነጋዴ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ለክሊኒኩ አትክልተኛ የደረሰው ችግኝ ሻጭ ግን የዚህ ወገን አለቃ ነው። የታመመ ቅጠል ገልበጥ አድርጎ አይቶ ስለሚፈርድ ሰዉ "ዶክተር" ይለዋል፤ እሱም ቀልዱን እንደ ማዕረግ ተቀብሎታል።

አበባዬ ደረቀ የሚለው ደንበኛ ውሃ አብዝቶ ነው። አላበዛሁም ካለም አሳንሶ ነው። አንዷ ልክ እንደነገርከኝ ነው ያጠጣሁት ብትለው፣ እንግዲያው ቤትሽ ውስጥ ጭቅጭቅ አለ ብሎ አሰናበታት።

አትክልተኛው ከእሱ ሦስት የጌጥ ችግኞች ሲገዛ ቅጠላቸው ወንፊት መስሎ ነበር፤ ጥቋቁር ጥንዚዛዎችም ይርመሰመሱበታል። ምንድነው ይሄ ብሎ ጠየቀ።

"የጤንነቱ ምስክር ነዋ" አለ ዶክተሩ። "ባይጣፍጥ ማን ይበላው ነበር?"

አትክልተኛው ስቆ ገዛ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል።

በሁለት ወር ውስጥ ከችግኞቹ የተዛመተው ጥንዚዛ፣ አትክልተኛው አሥራ ስምንት ዓመት በእጁ እየከረከመ ያሳደገውን የክሊኒኩን የቁጥቋጦ አጥር ከፊት በኩል ግጦ ጨረሰው። ከመንግሥት የተላከ የዕፅዋት በሽታ ተቆጣጣሪ መጥቶ የተበላውን አስነቅሎ አስቃጠለ። ከዚያ ሱቅ የወጣው ችግኝ በሙሉ ካልተሰበሰበ ደግሞ፣ ጥንዚዛው ተመልሶ እንዳይዛመት፣ የታመሙ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል መስኮት ሥር የተረፈው አጥርም ይነቀላል አለ።

አትክልተኛው ደሙ ፈላ። ሱቁ ሄዶ አፉ ያመጣለትን ሁሉ አወረደበት። ዶክተሩ መጀመሪያ በነፋስ አሳበበ፤ ስለ ሕፃናቱ መስኮት ሲሰማ ግን ችግኞቹን ሊሰበስብ ጋሪውን አወጣ። ደረሰኝ የሚባል ነገር አያውቅም። የሸጠውን እያንዳንዱን ችግኝ ግን ከነቤቱ ያውቀዋል፤ የትኛው ፎቅ እንደወጣ፣ የትኛው ፀሐይ በማያገኝ መስኮት እንደተቀመጠ ሳይቀር። አትክልተኛው፣ ይሄ ውሸታም አንዱን እንዳይደብቅ ብሎ፣ እየተራገመ ከኋላ ከኋላው ተከተለው።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ችግኝ ብቻ ቀረች። ባለቤቷ አሮጊት ችግኟን አቅፈው፣ ጤነኛ ናት ያልከኝ አንተው ነህ፣ አልሰጥም አሉ።

ዶክተሩ አንገቱን ደፋ። "እማማ፣ የሸጥኩልዎት በሽተኛ ችግኝ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።"

አሮጊቷ ሰጡት፤ የተረፈውም አጥር ዳነ። አትክልተኛው ይህችን ቃል ለመስማት ሦስት ቀን ጥርሱን ነክሶ ጠብቆ ነበር። ስትመጣ ግን ደስ አላለችውም። ሰውየው ችግኟን ጋሪው ላይ ጭኖ ሊገፋ ጎንበስ አለ።

"ዞር በል" አለው አትክልተኛው፣ ንዴቱ ሳይበርድለት። "እኔ ልግፋው።"