እጀ ብሩክና የተላጠው መስታወቴ

በየመሥሪያ ቤቱ ነገር ሁሉ የሚሳካለት አንድ ሰው አይጠፋም። ሌሎቻችን ስንለፋ ውለን ባዶ እጃችንን ስንቀር፣ እሱ ነካ ያደርገዋል፣ ይሠራለታል። ፈጣሪ የላከው እኛን ለማሳረር ይመስለኛል።

ለእኛ ላብራቶሪ የደረሰችን ክብርት እጀ ብሩክ ናት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ በፍቅር እንዳይመስላችሁ።

ሥራችን ኤሌክትሮድ መሥራት ነው። መስታወት ላይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ስስ ቀለም እንቀባና ፕላዝማ እናስነካዋለን። መስታወቱን ብረት ሣጥን ውስጥ ከትተን፣ አየሩን በፓምፕ መጥጠን፣ ጥቂት ጋዝ ለቀን በኤሌክትሪክ እናቀጣጥለዋለን ማለት ነው። ጋዙ ሐምራዊ ሆኖ ይበራና የቀለሙን ገጽ ጠራርጎ፣ ሻከር አድርጎ ይተወዋል። ያኔ ቀለሙ ብርሃን ሲያርፍበት የተሻለ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ከሰጠ ነው እንግዲህ።

ለእሷ ይሰጣል። ፓምፑ እንኳ እኔ ሳስነሳው እንደ ሽማግሌ ያስላል፤ ለእሷ ጭጭ ብሎ ይሠራል። የኤሌክትሪኩ ልኬት ቁጥር ሽቅብ ሲወጣ አለቃችን ምን አድርጋ እንደሆነ ይጠይቃታል። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ኧረ ምንም አላደረግኩም።" አንጀቴ ድብን ይላል። ምንም ሳታደርግ እንዲህ ከሆነ፣ ብታደርግ ኖሮ የት ልንገባ ነበር? ባለቤቴ አንድ ቀን እራት ላይ፣ ስለ እሷ ሳላወራ ጎርሼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

በቅርቡ አለቃችን ቁርጡን ነገረን። ደጅ በፀሐይ ለሚደረገው ረጅም ሙከራ የሚመረጠው እኔና እሷ ለየራሳችን ከቀመምናቸው ቀለሞች አንዱ ብቻ ነው፤ የሌላው ሥራ ይቆማል። ዓመታት የደከምኩበት ቀለም ሊቀር ነው ማለት ነው።

እልህ ምላጭ ያስውጣል። እሷ ጥቂት ደቂቃ ካስነካች እኔ እጥፉን፣ እሷ ኃይሉን ለስለስ ካደረገች እኔ እስከ ጥግ። ሣጥኑን ስከፍት ቀለሙ ተልጦ አልቆ፣ ራቁቱን የቀረ መስታወት ጠበቀኝ። ፊቴን አየሁበት። ደስ የሚል ፊት አልነበረም።

የቀረኝ አንድ መስታወት ብቻ ነው፤ ምርጫው ነገ ነው፤ የሣጥኑ ተራ ደግሞ የእሷ። ለካ ከኋላዬ ቆማ ስታየኝ ኖሯል።

"ቀለምህ እኮ ከኔ ይበልጣል" አለችኝ። "ስትናደድበት ነው የሚያልቀው። አምጣው፣ ከኔው ጋር ይግባ።"

ሰጠኋት፤ ምን ምርጫ አለኝ? ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠች። ሐምራዊው ብርሃን በራ፣ ትንሽ ቆየ፣ አጠፋችው። ይብቃው ማለት ታውቅበታለች፤ እኔን ያቃተኝ እሱ ነው።

በማግስቱ አለቃችን ሁለቱንም መብራት ሥር ለካ። የኔው በለጠ። የእሷ ሥራ ቆመ።

ዓይን ዓይኗን አየኋት፤ ትንሽ፣ ቅንጣት ታህል ቅናት ባገኝባት ብዬ። የለም። "እንኳን ደስ አለን!" ብላ አቀፈችኝ፤ ከዚያም የኔን ቁጥር ከክፍል ክፍል እየዞረች፣ ለጥበቃው ሳይቀር ታወራ ጀመር። እኔ በሰው ቁጥር እንዲያ ተደስቼ አላውቅም። ወዳጆቼ፣ እንደዚያን ቀን አድርጌ ቀንቼባትም አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ቢሮ ገብቼ፣ ያለ እሷ የደጁን ሙከራ አልጀምርም አልኩት።