የእልፍነሽ ዜሮ

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጋደም ባለችበት ትርንጎ ሕልም አየች። የተኛችውም ቂም ይዛ ነበር፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። የሥነ ጽሑፍ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። በዚያው ጠዋት መምህር ይርጋ የዶርም ጓደኛዋን የእልፍነሽን ግጥም ለክፍሉ ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ የትርንጎን ግን «ጥሩ ሙከራ ነው» ብለው መለሱላት። እልፍነሽ ደግሞ «ያንቺም እኮ ደስ ይላል» አለቻት። ይቺ ቃል ናት ያንገበገበቻት።

በሕልሟ ወደ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ገባች። መጻሕፍቱ ተሰልፈው ተማሪ ይዋሳሉ። አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ቀጭን ልጅ ተዋሰና፣ ያቆመበት እንዳይጠፋው የልጁን ጆሮ አጠፍ አድርጎ ይዞት ወጣ። ትርንጎን የሚዋሳት ጠፋ።

«እኔስ?» አለች።

«አንቺን እስካሁን ማንም አልገለጠሽም። አቧራሽን አራግፊ» አላት አንድ የሰዋስው መጽሐፍ።

ከዚያ ፈተና ክፍል ውስጥ ነበረች። መምህራኑ ተኮልኩለው ይፈተናሉ፤ መምህር ይርጋ አንገታቸውን አስግገው ይኮርጃሉ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መነጽር ያደረገች አህያ ናት። የተማሪዎቹን ግጥም እያሸተተች ታርማለች፤ ብዙ የጻፈ ይወድቃል፣ ባዶ ወረቀት ያስረከበ ያልፋል።

«ትርንጎ፣ መቶ ከመቶ!» ብላ አናፋች። «እልፍነሽ፣ ዜሮ!»

የትርንጎ አንጀት ቅቤ ጠጣ። የእልፍነሽን ፊት ለማየት ዞር ብትል ግን ሰው ሁሉ እልፍነሽን ከቧታል።

«እንዴት ያለ ክብ ዜሮ ነው!» ይላሉ። መምህር ይርጋ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ዜሮው አንገቷ ላይ እንደ ድሪ ተንጠልጥሎ ያበራል። ትርንጎ መቶዋን ታቅፋ ብቻዋን ቀረች። ዜሮም ያምርባታል ይቺ! እየተቃጠለች ወደ አህያዋ ሮጠች።

«እትዬ አህያ፣ መቶዬን ይውሰዱና የሷን ዜሮ ይስጡኝ!»

«እንግዲያው ባዶ ወረቀትሽን አንብቢልን።»

ትርንጎ አፏን ስትከፍት ከየት እንደመጣ ያላወቀችው ስንኝ ወጣ፦

ያንቺን ካባ ብላ ብዬ የላክሁት ብል፣
የኔን ነጠላ ጨርሶ መጣ ጠገብኩ ሊል።

አህያዋ መነጽሯን አወለቀች። መምህር ይርጋ ብድግ አሉ። እልፍነሽ ሰዉን እየገፋች መጥታ ፊቷ ቆመች።

«ቀናሁብሽ» አለቻት።

ትርንጎ በዕድሜዋ እንዲህ የጣፈጠ ቃል ሰምታ አታውቅም። «ድገሚልኝ» አለቻት።

«አንቺ ድገሚልኝ እንጂ!»

ትርንጎ ዓይኗን ገለጠች። እልፍነሽ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ እስክሪብቶ ይዛ ጎንበስ ብላባታለች። ከገጹ ራስ ላይ የራሷን ስም አስቀድማ ጽፋለች።

«ቶሎ በይ፣ ሳይጠፋሽ» አለቻት። «‹ጨርሶ መጣ› ነው ‹ጨርሶ ሄደ› በእንቅልፍ ልብሽ ያልሽው?»