የሚስተር ሄድፎንና የእኔ ሶሎ

ከሀብታም ስጦታ ይሰውራችሁ! አዎ፣ ደግሜ እላለሁ… ከሀብታም ስጦታ ይሰውራችሁ። ድሃ የሰጣችሁን ዕቃ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላችሁ ተቀብላችሁ፣ ያኔውኑ ትገለገሉበታላችሁ። ሀብታም የሰጣችሁ ዕቃ ግን ብቻውን አይሠራም። ሌላ ዕቃ ይፈልጋል፤ ያኛውም በተራው ሌላ ይፈልጋል። አጋነነች አላችሁ አይደል? በሉ እንግዲያው ስሙኝ።

ስሜ ትዕግሥት ነው። ማዳሜ ግን ለትዕግሥት ጊዜ ስለሌላት "ቲቲ" ትለኛለች። ቤይሩት፣ ፋናር ሰፈር ዳገቱ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ እሷንና ባሏን ሚስተርን አገለግላለሁ። እሁድ እሁድ ደግሞ ዓይን ኤል ረማነህ ባለችው የኪራይ አዳራሻችን ጌታን አገለግላለሁ… ዘማሪ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ኋላ ረድፍ፣ ከረጃጅሞቹ ትከሻ ጀርባ ቆሜ ስዘምር ከጌታ በቀር ያየኝ የለም። ታዲያ ባለፈው ወር የመዘምራን መሪያችን እህት ሰላም በአዲሱ መዝሙር ላይ ሶሎ ሰጠችኝ። ሶሎ! ማይክ ይዤ! ብቻዬን! ለእናቴ ደውዬ ብነግራት "ደመወዝ ጨመሩልሽ?" አለችኝ።

መዝሙር የምናጠናው በስልክ ነው። ኪቦርድ የሚጫወተው ወንድም ዳንኤል ቀድቶ በዋትሳፕ ይልክልናል፤ እኛ ደግሞ ሳህን እያጠብን፣ መስኮት እየወለወልን እናጠናለን። አጠናናችንን ቤይሩት የኖረች ሁሉ ታውቀዋለች፦ ግራ ጆሮ ላይ ኢርፎን፣ በላዩ ሻሽ ሸብ፣ ቀኝ ጆሮ ክፍት። ቀኝ ጆሮ የማዳም ነዋ! "ያ ቲቲ!" ስትል ካልሰማሽ ምን ይውጥሻል?

አዲሱ መዝሙር መሐል ላይ ሲደርስ ድንገት ጸጥ ይላል። ከጸጥታው በኋላ ነው ሶሎዋ የምትገባው… ያኒ እኔ፤ ሌሎቹም አብረውኝ ገብተው ያጅቡኛል። ጸጥታው ስንት ይቆያል? እህት ሰላም ዘዴ አላት፤ "ሁለቴ ምራቃችሁን ዋጥ አድርጉና ግቡ" ትላለች። ዘማሪው ሁሉ ሁለቴ ይውጣል፣ ይገባል። እኔ ግን ስፈራ ምራቄን ቶሎ ቶሎ ነው የምውጠው። እየዘመርኩ በላክሁላት ቁጥር መልሷ አንድ ነው።

"ቲጂዬ፣ ጌታ ይባርክሽ፣ ፈጥነሻል።"

"አሁንስ፣ እህት ሰላም?"

"አሁንም ፈጥነሻል። እስከ እሁድ ካላስተካከልሽው ለመሠረት እሰጠዋለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።"

መሠረት አጠገቤ የምትቆም ዘማሪ ናት። ወሬውን ሰምታ ጉሮሮዋን በዝንጅብል ማሸት ጀምራለች አሉ። ፍቅር ነው እንግዲህ!

ሲፈርድብኝ ደግሞ ሰኞ ዕለት፣ ከጅዴይዴ ገበያ የገዛኋት ኢርፎኔ ከሻሼ ሥር ሾልካ መወልወያው ባልዲ ውስጥ ገብታ አረፈች። ሳወጣት ሚስተር አየኝ። ሰሞኑን በተቃውሞው መንገዱ በሚነድ ጎማ ተዘግቷል፣ የሚሠራበት ባንክም ተዘግቷል፤ ሰውዬው ቤት እየዋለ ነው።

ስለ ሚስተር ልንገራችሁ። ሳሎን ውስጥ አንድ ሙሉ ቁም ሳጥን ሄድፎን አለው፤ ለእያንዳንዱም የሚስማማው አምፕሊፋየር፣ ድምፅ ማጉያ ማሽን። "ይህ ድምፁ ስለታም ነው፣ ከስለታም አምፕሊፋየር ጋር ሐራም! ይህ ለስላሳ ነው፣ ከዚያ ጋር ይሂድ" ሲል ይውላል። እዚህ አገር ዓሣና እርጎ አብሮ አይበላም ይባል የለ? የሚስተር ሃይማኖትም እንደዚያው ነው፣ ለጆሮ የወጣ።

"ኢርፎንሽ ሞተች? ያ ሐራም፣ ምስኪን!" አለና ቁም ሳጥኑን ከፍቶ የራስ ቁር የሚያህል ሄድፎን አውጥቶ ሰጠኝ። "ያንቺ ነው። ሦስት መቶ ኦም!"

"መርሲ፣ ሚስተር" አልኩ። ኦም ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን በሦስት መቶ የሚቆጠር ነገር መቼም ክፉ አይሆንም ብዬ።

ስልኬ ላይ ሰካሁት። ጉድ! መዘምራኑ ሁሉ ጉድጓድ ገብተው የሚዘምሩ ይመስላሉ። ድምፁን እስከ ጥግ ብሰጠውም ከጉድጓዱ አልወጡም። "ሲበላሽበት ለእኔ ጣለልኝ" ብዬ በሆዴ ተቀይሜ መለስኩለት።

"አልተበላሸም" አለ እየሳቀ። "ስልክሽ ነው አቅም የሌለው። ይህን የሚያህል ሄድፎን በዚህች ስልክ ጉልበት አይነቃነቅም።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"አምፕሊፋየር ነዋ!"

አላልኳችሁም? ሚስተር አናቱ ላይ የብርጭቆ አምፖል የበቀለበትን ማሽን ተሸክሞ ልብስ የምተኩስበት ክፍል አመጣልኝ። ሰካነው፣ አምፖሎቹ ቀላ አሉ… ቀጭ! ቤቱ ጨለመ። የሰፈሩ ጄኔሬተር የሚሰጠን አምስት አምፔር ነው፤ ካውያና አምፕሊፋየር አብረው አይችሉትም። ከሦስተኛው ጨለማ በኋላ ስምምነት ላይ ደረስን፦ ካውያው ሲነቀል አምፕሊፋየሩ ይሰካል። ስለዚህ ስተኩስ ዝም፣ ሳጣጥፍ መዝሙር።

ማክሰኞ ከሰዓት ካውያውን ነቅዬ ሄድፎኑን ጭኜ ማጣጠፍ ጀመርኩ። ወገኖቼ! ምን ልበላችሁ! ያ ጸጥ የሚለው ቦታ… ጸጥ አላለም! ጸጥታው ውስጥ ቤዝ፣ ያ ከታች የሚያጉረመርመው ወፍራም ድምፅ፣ አለ። ዱም… ዱም… ዱም… ዱም… አራት ጊዜ ወደ ታች እየረገጠ ይወርድና ልክ አራተኛው ላይ በሩን ከፍቶ "ግቢ" ይለኛል። ገባሁ። ያለ ምራቅ! እልል አልኩ፣ ደገምኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ።

ለካ እኔ ሰማይ ቤት ስደርስ ማዳሜ በረንዳ ላይ ናት። ጃንጥላዋን ልታነሳ ወጥታ ነፋሱ በሩን ዘግቶባት! የበረንዳው በር ደግሞ ከውስጥ እንጂ ከውጭ አይከፈትም። ሚስተር ሲጋራ ሊገዛ ወርዷል። ዝናቡ ይወርዳል። እሷ መስታወቱን ትደበድባለች፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቻት ሃሌሉያ እላለሁ።

ከፊት ለፊታችን ፎቅ ዘይነባ የምትባል የወሎ ልጅ ትሠራለች። ትዕይንቱን አይታ ስልኬ ላይ ደወለች። ስልኬ ደግሞ አምፕሊፋየሩ ላይ ነው። ጥሪው ራሴ ውስጥ እንደ መብረቅ ሲፈነዳ ደንግጬ ስዳብስ አረንጓዴውን ነካሁት መሰለኝ፣ ከየት መጣ የማይባል ወፍራም ድምፅ "ትዕግሥት!" አለኝ።

"አቤት ጌታዬ!" አልኩ ተንበርክኬ።

"የምን ጌታዬ ነው? ዘይነባ ነኝ! ወላሂ ማዳምሽን ገደልሻት! በረንዳ ላይ ናት፣ ክፈቺላት አንቺ የአላህ ባሪያ!"

ከፈትኩ። ማዳሜ ስትገባ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል። "ፓርዶን፣ ማዳም" አልኩ። ፓርዶን የሚበቃው ነገር አልነበረም። ሚስተር ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቀችው፤ "ኸላስ፣ በቃ! ወይ ይህ ማሽን ሳሎን ይገባል፣ ወይ አንተ ከማሽንህ ጋር በረንዳ ትወጣለህ!" ዝናቡን አየ… ማሽኑን ተሸከመ።

ሚስተር ሰው ነው፣ አዘነልኝ። ረቡዕ ጠዋት ማዳም ሳታይ ጣት የምታህል ኢርፎን በእጄ አስጨበጠኝ። "ይህን የመድረክ ዘፋኞች ናቸው ጆሯቸው ውስጥ የሚከቱት። የስልክሽ ጉልበት ይበቃዋል። ትልቁ አምፕሊፋየር ላይ ከሰካሽው ግን ሽሽሽ እያለ ያሳብድሻል፤ ሁሉም በልኩ!" አለኝ። ግራ ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ ሻሼን አሰርኩ። ድምፁ የጠራ ነው… ቤዙ ግን የለም! ጸጥታው ተመልሶ ጸጥ ብሏል። ልቤ ስብር አለ።

"ሚስተር፣ ይኼኛውም ጉልበት ያንሰዋል።"

ተቀብሎ ሁለቱንም ጆሮው ውስጥ ከተተ። "ዱም ዱም ይላል እኮ!"

"አይልም!"

"አንቺ ስትሰሚ አንደኛው የት ነው?"

"ኪሴ ውስጥ።"

"ለምን?"

"ቀኝ ጆሮ የማዳም ነዋ።"

ሚስተር ቁጭ አለ። መርዶ የተነገረው ሰው ነው የሚመስለው። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ፦ የቀዳው ሰው ለልምምድ እንዲመች ድምፁን በግራ፣ ቤዙን በቀኝ አድርጎ ነው የቀዳው። "ያኒ ሁለት ዓመት ሙሉ መዝሙር የምትሰሚው በግማሽ ነው?" አለኝ። እኔ ብቻ መሰልኩት! አሥራ ሦስታችንም፣ እህት ሰላምን ጨምሮ፣ ግራ ጆሮ ነን።

ከዚያ ወዲያ ማዳም ምሳ በልታ ጋደም ስትል ብቻ፣ ሁለቱንም ጆሮዬን ደፍኜ፣ መታጠቢያ ቤት ተቆልፌ አጠናሁ። ለእህት ሰላም አልነገርኳትም። እሁድ ሁሉም በመድረክ ላይ ይየው ብዬ… ትዕቢት ናት መቼም፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

እሁድ ከፋናር እስከ ዓይን ኤል ረማነህ በእግሬ፣ በጎማው ጭስ መሐል ደረስኩ። ማይኩን ያዝኩ። ጸጥታው መጣ። ያቺ የአዳራሹ ስፒከር ቤዝ የምትባል ነገር ስለማታውቅ ምንም አልተሰማም፤ እኔ ግን በልቤ ዱም… ዱም… እቆጥራለሁ። ሦስተኛው ላይ ሳልደርስ አሥራ ሁለቱም ምራቃቸውን ውጠው ከኋላዬ ግር ብለው ገቡ! እኔ አራተኛው ላይ በትክክል ገባሁ። ትክክል የገባሁት ግን ብቻዬን ነው፤ ሕዝቡ ያየው አሥራ ሁለት ሰው ሲዘምር አንዲት ሴት ስትዘገይ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ!

"ያን ጊዜ ፈጠንሽ፣ አሁን ዘገየሽ!" አለች እህት ሰላም ከአገልግሎት በኋላ።

"ቤዙን ጠብቄ ነው እኮ!"

"የምን ቤዝ?"

ወንድም ዳንኤል ከኪቦርዱ ጀርባ ብድግ አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። "ሰማሽው? ቤዜን ሰማሽው? እስከ ዛሬ አንድ ሰው አልሰማልኝም ነበር!"

ነገሩ ለመዘምራን ጉባኤ ቀረበ። ጸሎት ተደረገ። ከዚያም ለአንድነት ሲባል ቤዙ እንዲወጣ፣ ምራቁ እንዲቀጥል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሶሎውን ለመሠረት ከማስረከብ ብዬ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። አሁን በየእሁዱ ማይክ ይዤ፣ ትክክሉን እያወቅሁ፣ ከሁሉም ጋር እኩል እሳሳታለሁ። ጸጥ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል፤ ምእመኑም "እንዴት ያለች መንፈስ የነካት ልጅ ናት!" እያለ አብሮኝ ያለቅሳል። እኔ እቴ… ቤዙ ናፍቆኝ ነው!