የመሪዋ እምብርት

ሁለት ነገር ያለ አስታራቂ ሲገጥም አይቻለሁ የሚል ካለ ይምጣና ያሳየኝ። ባልና ሚስት በሽማግሌ፣ ገዥና ሻጭ በደላላ፣ ሰውና ፈጣሪው እንኳን በንስሐ አባት በኩል ነው የሚገናኙት። እኛና መንግሥት ደግሞ በዚያ ዘመን የምንገናኘው በቀበሌ ሊቀመንበር በኩል ነበር፤ እሱ አስታራቂ ነው ወይስ ጠብ ጫሪ የሚለውን ለእናንተ ልተወው። ብረትም እንደ ሰው መሆኑን የተማርሁት ግን ከአያ ደሴ መኪና ነው።

አያ ደሴ የሰባታሚት ጎረቤቴ ናቸው። ከሹፍርና ዘመናቸው የተረፈቻቸው አንዲት ጣሊያን ሠራሽ መኪና ነበረቻቸው። ትንሽነቷ! አህያ ከጎኗ ስትቆም አህያዋ የጭነት መኪና ትመስላለች። ልጅ አልወለዱም፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ማለዳ ተነሥተው የሚያናግሯት መኪናዋን ነበር። አንድ ዓመት የበጋ ፀሐይ መሪዋን ሰነጣጠቀውና ጠርዙ እጃቸው ላይ እንደ ገል ተፈረፈረ። መኪናዋ ደጅ ቆመች። የቆመ ነገር ደግሞ ቀበሌ ያየዋል። ሊቀመንበሩ መጣና፣ "ጓድ ደሴ፣ እስከ አብዮት በዓል ካልተንቀሳቀሰች ለወጣቶች ማኅበር ትሰጣለች" ብሎ ሄደ።

ማክሰኝት ያለ የሚስታቸው ወንድም፣ ከአሮጌ መኪና የተነቀለ፣ ጠርዙ እንጨት የሆነ የሚያምር መሪ ላከላቸው። ምን ዋጋ አለው፤ የመሪው ቀዳዳ ሰፊ፣ የመኪናዋ ዘንግ ቀጭን። በመሀል ገብቶ ሁለቱን የሚያስማማ ብረት ይፈለጋል።

አፌን የከፈትሁት ያን ጊዜ ነው። "አያ ደሴ፣ ለሚካኤል ይሳሉ። ሰው ሁሉ ከተፈጸመለት በኋላ ነው የሚሰጠው፤ እርስዎ ቀድመው ቢሰጡ መልአኩም ይሉኝታ ይይዘዋል።"

"ምን ልስጥ?"

"አሮጌውን መሪ። ለእርስዎ ምን ያደርጋል?"

ሰጡ። ቄሰ ገበዙ ተቀብለው ዕቃ ቤት አስገቡት።

ከዚያ የእንጨቱን መሪ አንገቴ ላይ አጥልቄ አያ ደሴን ተከተልሁ። ባሕር ዳርን ጋራዥ ለጋራዥ አዳረስን፤ ሐይቁን ዞረን ቆላ ድባ ደረስን። አውቶቡስ ውስጥ መሪውን ጭኔ ላይ ሳስቀምጠው አንዲት አሮጊት፣ "ቀስ ብለህ ንዳ ልጄ" አሉኝ። ከመመላለሳችን ብዛት የጣና ጉማሬዎች ሰላምታ ሊሰጡን ምንም አልቀራቸው። አንዱ ብረት ይሰፋል፣ ሌላው ይጠባል። ክረምቱ አለቀ።

በመጨረሻ ሐይቁ ዳር ጀልባ ከሚሠራው፣ ብረትም ከሚበይደው ከሰይድ ዘንድ ሄድን። መሪውን አገላብጦ አየና፣ "አያ ደሴ፣ የድሮው የት አለ?" አለ።

"ምን ያደርግልሃል? ተሰባብሯል እኮ።"

"የተሰበረው ጠርዙ ነው። እምብርቱ፣ መሀሉ ያለው ብረት፣ ዘንጉን ያውቀዋል፤ ቆርጬ እዚህኛው ላይ በቡሎን አስረዋለሁ። አገር ያዞራችሁ ብረት እሱ ነው።"

አያ ደሴ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ሐይቁ ዞርሁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ቄሰ ገበዙ ደጅ ቆምን።

"አባቴ፣ ብረቷን ብቻ ያውሱኝ" አሉ አያ ደሴ።

"ለታቦት የገባ አይወጣም፤ ታቦትም አያውስም።"

"ወጣቶች ማኅበር ሊወስዳት ነው፣ አባቴ።"

ቄሰ ገበዙ ጢማቸውን ዳበሱ። "እንግዲያው ብረቷ የሚካኤል እንደሆነች ትኑር። የምትታሰርበት ነገር ግን አብሯት ይቆጠራል።"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"በወር በወሩ፣ በአሥራ ሁለት፣ መኪናዋ ካህናቱን ታገለግላለች ማለቴ ነው።"

ሊቀመንበሩ ያን ያህል ስብሰባ ተቀምጦ እንዲህ ያለ መመሪያ አውጥቶ አያውቅም።

ሰይድ እምብርቱን አስሮላት፣ በበዓሉ ዋዜማ መኪናዋ እስከ ቀበሌው በር እያሳለች ሄዳ ተመለሰች። ሊቀመንበሩ ከመዝገቡ ሰረዛት። በመስከረም አሥራ ሁለት ሦስት ቄሶች ከነከበሮና ከነጥላቸው ገቡባት፤ እንዴት እንደገቡ ሚካኤል ይወቀው። መጀመሪያ አሥራ ሁለት ብቻ ነበር። ኋላ ክርስትና መጣ፣ ፍታት መጣ፣ ተዝካር መጣ። ከሳምንቱ ለአያ ደሴ የቀረችላቸው ማክሰኞ ብትሆን ነው።

አንድ ቀን ቄሶቹ ሲሳፈሩ ጠጋ ብዬ፣ "አያ ደሴ፣ ያው ተወሰደች አይደል? ቀበሌ ቢወስዳት ምን ልዩነት ነበረው?" አልኋቸው።

የእንጨቱን ጠርዝ በመዳፋቸው ጠረጉት። "ቀበሌ ቢወስዳት ሌላ ሰው ይነዳት ነበር፣ አንተ ዝባዝንኬ።"

ከኋላ ቄሰ ገበዙ፣ "ደሴ፣ በዋርካው በኩል ታጠፍ" ብለው አዘዙ። አያ ደሴ አጭሩ መንገድ በየት እንደሆነ ከእሳቸው ይበልጥ ያውቃሉ። ግን ቀስ አድርገው፣ በዋርካው በኩል ታጠፉ።