ተገዝቶ የመጣ ዝገት

ለቤት ሥራ ከልጁ በላይ የሚጨነቅ አባት ገጥሟችሁ ያውቃል? ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ የሆኑት አቶ ግርማ እንደዚያ ናቸው። ልጃቸውና የእኔዋ ሜሮን አንድ ክፍል ይማራሉ። መምህርታቸው ምስማር አዝጋችሁ አምጡ አለቻቸው። ሜሮን ምስማሯን ቶሎ እንዲዝግላት በኮምጣጤና በጨው ዘፈዘፈችው፤ እያወጣችም አየር ታስነካው ጀመር። አቶ ግርማ ቦሌ ሚካኤል ሄደው ዝገት የበላው ምስማር ገዙ።

«የዛገ ሞልቶ ሳለ ማዛግ ምን ያደርጋል?» አሉኝ ኮራ ብለው።

ልጃቸው ተሸለመ። የሜሮን ምስማር «ገና ነው» ተባለ። «ዋናው በራስሽ መሥራትሽ ነው» ብዬ ላጽናናት ሞከርኩ። በሳምንቱ ደግሞ ባቄላ አብቅላችሁ አምጡ ተባሉ። ሜሮን ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣

«አባዬ፣ የበቀለ ባቄላ የት ይሸጣል?» አለችኝ።